የልጅ ልጄን ክብደት ለማየት መካኒሳ ደርሼ መጣሁ

ስለ አዲስ አበባ ብዙ ሰው ጽፏል። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ የኪራይ ክፍል፣ ስለ አንድ ጤና ጣቢያና ስለ አንድ የሱቅ ሚዛን ብቻ ነው፤ ስድስት ቀን ቆይቼ ያየሁት ይኸው ነውና። የምጽፈውም ከሆሳዕና ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን ለሚኖሩ ጎረቤቶቼ ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ «ጋሽ ደስታ፣ ምን አይተህ መጣህ?» እያሉ በሬን የሚያንኳኩት ሰዎች በዝተውብኛል፤ ለእያንዳንዱ እየደጋገሙ ማውራት ቢያደክመኝ ደብተር ገዛሁ።

የሄድኩበት ምክንያት ይህ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ትዕግሥት ከባሏ ከኤርምያስ ጋር መካኒሳ ትኖራለች። በቅርቡ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ናታን አሉት። ሲወለድ ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም ብቻ ነበር። በእኛ ደንብ ሴት ልጅ ስትወልድ የምትንከባከባት እናቷ ናት። ባለቤቴ አበበች ግን እንሰት ጓሮ ውስጥ አዳልጧት ቁርጭምጭሚቷን ሰብራ እግሯ በጀሶ ታስሯል። አርባ ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀር ትዕግሥት ደወለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

«አባ፣ ወተቴ ውሃ ነው መሰለኝ። ልጁ አላድግ አለኝ። ሐሙስ ጤና ጣቢያ ይመዘናል፤ ካልጨመረ ጡት አስጥዬ የጣሳ ወተት እጀምርለታለሁ» አለችኝ።

አበበች ይህን ስትሰማ በአንድ እግሯ ልትሄድ ተነሳች። አስቀመጥኳትና «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ። ሠላሳ ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ስንት ላም አዋልጃለሁ፤ አራስ ተንከባክቤ ግን አላውቅም። ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

ሰኞ

ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አበበች ያስያዘችኝ ዕቃ ከእኔ ይከብዳል፤ ቆጮ፣ ቡላ፣ በኮባ የተጠቀለለ አይብ፣ በትልቅ የፕላስቲክ ማሰሮ ደግሞ ለአራስ የሚሆን ለጋ ቅቤ። ማሰሮውን «ከጭንህ እንዳታወርደው» ብላኛለችና እንደ ታቦት አቅፌው ተቀመጥኩ። ትእዛዟ በዚህ አላበቃም። «መጀመሪያ ስትገባ ከቅቤው በጣትህ ቆንጥረህ ልጁን አልሰው፤ አንጀቱ ይለሰልሳል» ብላለች። እሺ ብዬ ወጣሁ። አልዋሽም፣ እሺ ያልኩት ላለመጨቃጨቅ ነው።

ቡታጅራ ለምሳ ስንቆም ፀሐዩ በረታ። ምሳውን አላማርርም፤ ጥብሱ ግን እኛ ጋ ለድመት ከሚጣለው ቢበልጥ በጥቂት ነው። ተመልሼ ስቀመጥ የማሰሮው ቅቤ ቀልጦ በክዳኑ ሥር ይፈሳል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ለቅሶ የሚሄዱ ነበሩ፤ የጥቁር ቀሚሳቸው ጉልበት በቅቤ ረጠበ። አፈርኩ። «የአራስ ነው፣ ልጄ ወልዳ…» ብዬ ጀመርኩ።

«የአራስ ከሆነማ ምን ችግር አለው» አሉና በቀሚሳቸው ላይ የፈሰሰውን በመዳፋቸው ጠርገው እጃቸውን አሹበት። «ወደ ሞት ስሄድ ልደት ነካኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ከዚያም ከነጠላቸው ጫፍ ክር ስበው ክዳኑን አሰሩልኝ። እስከ አዲስ አበባ ጠብታ አልፈሰሰም። ስማቸውን ሳልጠይቅ ወረዱ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አየር ጤና ስወርድ ኤርምያስ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሴራሚክ የሚያነጥፍ ባለሙያ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ሁልጊዜ ሲሚንቶ አይጠፋም። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ለሦስት በተሠራ ወንበር አምስት ሆነን ተቀመጥን፤ ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ «መካኒሳ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። የት ሊያስቀምጠው እንደሆነ እሱ ያውቃል። እኛ ጋ በጋሪ ፍየል እንኳ እንዲህ አትጫንም።

ቤታቸው በአንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት አምስት ክፍሎች አንዱ ነው። የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ሙኒራ ይባላሉ፤ ስልጤ ናቸው፤ ባላቸው መርካቶ ይነግዳሉ። እኔ የጴንጤ ሽማግሌ፣ እሳቸው ሙስሊም፤ ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቀው «እንኳን ደህና መጡ አባባ፣ የአያት እግር እርጥብ ነው» ብለው አስገቡኝ።

ትዕግሥት ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣለች። ከስታለች። ልጁን ሰጠችኝ። ጌታ ይመስገን ብዬ ተቀበልኩት፤ እጄ ግን አመሉን አይተውም። ሳላስበው አውራ ጣቴ በጀርባው ወርዶ አከርካሪውን ዳሰሰ፣ ከዚያ ጎድኑን፣ ከዚያ ታፋውን። ከብት መክሳት አለመክሳቱን የምናውቀው እንዲህ ነው፤ አጥንቱ ከጣትህ ሥር ስንት ሽፋን አለው?

«አባ! ጥጃ አይደለም እኮ!» አለችኝ ትዕግሥት። ከመጣሁ መጀመሪያ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ጣቴ የነገረኝ ደስ አላለኝም። ልጁ ቀጭን ነው። መልሼ አስታቀፍኳት።

ማክሰኞ

በማለዳ የቡላ ገንፎ ላገነፋ ተነሳሁ። አበበች በስልክ ታዝዘኛለች፤ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ይዤ አማስላለሁ። «አሁን ቅቤውን ጨምር። አቁም! መጀመሪያ እሳቱን ቀንስ!» ስትል እሳቱ የቱ ጋ እንደሚቀነስ አላወቅኩም፤ እኛ ጋ እንጨት ማውጣት ነው፤ እዚህ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ገንፎው ከድስቱ ጋር ተጋባ። ሽታው ግቢውን ሲሞላ ወይዘሮ ሙኒራ መጡ፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ ድስቱን ወሰዱ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የአጃ አጥሚት በቴርሞስ ይዘው ተመለሱ። «ገንፎው ይቆያል፤ አባባ እርስዎ ልጁን ይያዙ» አሉኝ። ድስቱን አጥበው የመለሱልኝ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ምን ያህል እንደፈተጉት ጌታ ያውቃል።

ትዕግሥት ልጁን ስታጠባ አየኋት። በየደቂቃው ከጡቷ እያነሳች ፊቱን ታያለች፤ ጠገብክ ወይ፣ ጨመርክ ወይ እንደምትለው። ልጁ ደግሞ ሲያቋርጡት ያለቅሳል። እስከ ሐሙስ በዚህ ጭንቀት እንዳትቆይ አሰብኩና አንድ ብልህ የመሰለኝ ነገር መጣልኝ።

መንገድ ዳር አንድ ሽንኩርትና ድንች የሚሸጥ ሱቅ አለ። ሚዛኑ ቁጥር የሚያበራ ነው። «ነይ፣ አሁኑኑ እንወቀው» አልኳት። ሄድን። ባለሱቁ ደግ ወጣት ነው፤ ሚዛኑን በጨርቅ ጠረገልን። እኔም ባለሙያ ነኝና ልጁን ከነፎጣው አስቀምጬ አነበብኩ፤ ከዚያ ፎጣውን ለብቻው መዝኜ ቀነስኩ። ሦስት ኪሎ ተኩል! ትዕግሥት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ባለሱቁ አጨበጨበ። ወረፋ የቆመች ሴት «ማሻ አላህ፣ ከዓይን ያውጣው» አለች።

ለአበበች ደወልኩ። «ተመዘነ፣ ስሚ…» ስል አላስጨረሰችኝም።

«ማን መዝነው አለህ? የሚመዘነው ሊሸጥ የወጣ ነው፤ የሚመዘነው ሊታረድ የቀረበ ነው! ልጅ ይመዘናል እንዴ? ቁጥሩን እንዳትነግረኝ!» አለችና ወዲያው ድምፅዋን ቀንሳ «ቅቤውንስ አላስከው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ተጠቅሜበታለሁ» አልኳት። ይህ ውሸት አይደለም፤ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ከእናት ጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ ብላለች ስላሉኝ ጭንቅላቱ ላይ እርግብግቢቱን ቀብቼዋለሁ።

ያን ቀን ትዕግሥት አጥሚቱን እስከ ታች ጠጣች፤ ልጁንም ሳታቋርጠው አጠባችው። እኔም ራሴን እንደ ትልቅ ሐኪም ቆጠርኩ።

ረቡዕ

ኤርምያስ ሥራ ቦታውን ላሳይህ ብሎ ፉሪ ወሰደኝ። እዚያ ቤት እንደ እንጉዳይ ይበቅላል፤ የትናንት እርሻ ዛሬ ፎቅ ነው። ሲዘንብ ግን መሬቱ እርሻ መሆኑን ያስታውሳል፤ አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። የሕንፃው ዘበኛ የራሱን ቦቲ አውልቆ ሰጠኝና እሱ በባዶ እግሩ ጫማዬን በአካፋ ቆፍሮ አወጣው። «የእኛ ጭቃ እንግዳ ይወዳል» አለኝ።

ኤርምያስ ያነጠፈውን ወለል አሳየኝ፤ ውሃ ብታፈስበት የትም አይሄድም። ቁጭ ብለን ዳቦ በሻይ ስንበላ በልቡ ያለውን ነገረኝ።

«አባባ፣ ትዕግሥት ‹ልጁን ያሳነስኩት እኔ ነኝ› ትላለች። እርጉዝ ሆና ልብስ ስፌት ቤት እስከ ዘጠነኛው ወር ቆማ ሠርታለች፤ ምግብ አልረጋ ብሏት ነበር። ‹ሆዴ ውስጥ አስርቤው ወለድኩት፤ አሁን ደግሞ በውሃ ወተቴ አስርበዋለሁ› ትለኛለች። ጸልየናል፤ ወገኖች መጥተው አጽናንተዋታል። አይገባትም። ትናንት ከሱቁ ስትመለስ ነው የድሮዋን ትዕግሥት ያየኋት» አለኝ።

እጁን ያዝኩት። ትናንት የሠራሁት መልካም ነገር ነው ብዬ አመንኩና ደስ አለኝ።

ሐሙስ

ጤና ጣቢያው በነፋስ ስልክ በኩል ነው። ትንሽ ሆነው የተወለዱና ደህና ክብደት ይዘው የተወለዱ ሕፃናትን እንዴት እንደሚያድጉ የሚከታተሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ናታንም ከተወለደ ጀምሮ ተመዝግቧል። ሲስተር ሰብለ የምትባል ረጋ ያለች ሴት ተቀበለችን። ክፍሉ ሞቅ ያለ ነው፤ ልጆች ልብስ ሳይለብሱ ስለሚለኩ ነው።

መጀመሪያ የልጁን ልብስ ስታወልቅ እጇ ተንሸራተተ። ጭንቅላቱን አሸተተች። «ይህ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው» አልኩ። «ከሆሳዕና የመጣ።»

«ጥሩ ቅቤ ነው አባባ፣ ግን ልጥረገው። የእናንተ ቅቤ የእሱ ስብ ሆኖ እንዳይቆጠርለት» ብላ ሳቀችና በለስላሳ ጨርቅ ከራሱ እስከ አንገቱ ጠረገችው።

ከዚያ ሚዛን ላይ አጋደመችው። ናታን ወዲያው ሸና፤ በቀጥታ ወደ እኔ። ሚዛኑ ተጠርጎ እንደገና ተመዘነ። ሲስተር ሰብለ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች።

«ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ።»

ትዕግሥትን አየኋት። ፊቷ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ማክሰኞ ሦስት ኪሎ ተኩል፣ ሐሙስ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። በሁለት ቀን ሦስት መቶ ግራም ጠፋ። ሱቅ ሄደን እንደነበር ለሲስተሯ ሁለታችንም አልነገርናትም።

ቀጥሎ ልጁን ወደ ማሽኑ ወሰደችው። ለማታዩት ልንገራችሁ፤ የዕንቁላል ቅርጽ ያለው ትንሽ ክፍል ነው፤ ልጁ በትሪ ተኝቶ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ በመስኮቱ ይታያል። መርፌ የለ፣ ጨረር የለ፤ ውስጡ ያለውን አየር ነው የሚለካው። ልጁ ስንት ቦታ እንደያዘ ያውቅና ከክብደቱ ጋር ያስተያየዋል። ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ናታን በመስኮቱ እኔን ያየኛል፤ እኔም እሱን። እውነቱን ልናገር፣ ሲወጣ ማልቀስ ቃጣኝ።

«ይህ ማሽን ክብደቱን ለሁለት ይከፍልልናል» አለች ሲስተር ሰብለ። «ስቡን ለብቻ፣ ስብ ያልሆነውን ደግሞ ለብቻ፤ ሥጋውን፣ አጥንቱን፣ ውሃውን። ሁለት ልጆች እኩል መዝነው ውስጣቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል።»

«ይህንንማ በበሬ እናውቀዋለን» አልኳት። «አንዱ ጮማ፣ አንዱ ቋንጣ።»

«እንግዲህ የእርስዎ የልጅ ልጅ ሁለቱንም እየገነባ ነው። ሲወለድ ስቡ በጣም ጥቂት ነበር፤ አሁን ስቡም ሥጋውም ጨምሯል። እንደ ጎረቤት ልጅ ይፋፋ ብለን ማጣደፍ የለብንም። በራሱ ፍጥነት ነው የሚያድገው፤ የእናቱ ጡት ይበቃዋል» አለች።

እኔ ሰማሁ። አብራኝ የተቀመጠችው ትዕግሥት ግን አልሰማችም። ዓይኗ ከቁጥሩ ላይ አልተነሳም።

መጨረሻ ላይ ሲስተሯ የምትሞላው ቅጽ ነበር። የልጁ፣ የአባቱ፣ የእናቱ ጥያቄዎች። «አንቺ ራስሽ ስትወለጂ ክብደትሽ ስንት ነበር?» ብላ ትዕግሥትን ጠየቀቻት።

«ቤት ነው የተወለድኩት። ማን መዘነኝ ብለሽ ነው» አለች ትዕግሥት።

ሲስተሯ «አይታወቅም» ብላ ጻፈች። እኔ በዚያች ሰዓት ወደ መስኮቱ ዞሬ ነበር። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ራሴም አልደፈርኩም።

ቤት ስንደርስ ትዕግሥት ልጁን ወይዘሮ ሙኒራ ክንድ ላይ አስቀመጠችና ለኤርምያስ «ሂድና ጣሳውን ግዛ» አለችው። አላለቀሰችም፤ ባለቀሰች ይሻል ነበር። ኤርምያስ እኔን አየኝ። «አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት።

በመንገድ ላይ ጭንቅላቴ ሥራውን ጀመረ። ከብት በሁለት ቀን ያን ያህል የሚከሳው በተቅማጥ ወይም በትኩሳት ነው። ናታን ተቅማጥ የለበትም፤ ትኩሳት የለበትም፤ ሽንቱ እንኳ ልብሴ ላይ ነው። ታዲያ የከሳው ማን ነው? ልጁ ወይስ ሚዛኑ?

ያው ሱቅ ገባሁ። በፋብሪካ የታሸገ አንድ ኪሎ ጨው አንስቼ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ኪሎ ከመቶ አነበበ። ሌላ ጨመርኩ፤ ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ። ሦስተኛውን ጨመርኩ፤ ሦስት ኪሎ ከሦስት መቶ። ኤርምያስ ከኋላዬ ሆኖ አፉን ከፈተ። በየኪሎው መቶ ግራም ትርፍ፣ ለሦስት ኪሎ ልጅ ሦስት መቶ ግራም ማለት ነው።

ባለሱቁ ቀላ። ጆሮውን እየነካካ «አባባ፣ ሚዛኑ እኮ ለሽንኩርት ነው የተስተካከለው» አለኝ።

ልቆጣው ነበር፤ ግን ሳቅ ቀደመኝ። ኤርምያስም ሳቀ፤ በኋላ ራሱ ባለሱቁም። «ልጅ እንደሚመዘንበት ባውቅ ኖሮ ለሁለት ደቂቃ አስተካክለው ነበር፤ በእናቴ እውነቴን ነው» አለ። አመንኩት። አንድ ከረጢት ብርቱካን «ለአራሷ» ብሎ ሰጠን፤ ሳይመዝን። ጣሳውን ሳንገዛ ተመለስን።

ለትዕግሥት ነገርናት። ሰማች፤ ፈገግ ልትል ሞከረች። ከዚያ እንዲህ አለች።

«እሺ፣ አልቀነሰም። ግን ትንሽ ነው አባ። ሲወለድም ትንሽ ነበር። ያሳነስኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ሚዛን አይለውጠውም። ነገ ይገዛ።»

ዓርብ

ኤርምያስ ሥራ ሄደ። ልጁ ተኝቷል። ትዕግሥት የተሰጣትን ብርቱካን ትልጣለች እንጂ አትበላም። ከፊቷ ተቀመጥኩ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። እናትሽ አታውቀውም» አልኳት።

ቀና አለች።

«አንቺ የተወለድሽ ዕለት ጠዋት፣ እናትሽ ደክማ ተኝታ ሳለ፣ በነጠላዋ ጠቅልዬ ወደ እንስሳት መድኃኒት ቤቴ ወሰድኩሽ። ለፍየል መድኃኒት ስንሰጥ የምንመዝንባት የምትንጠለጠል ሚዛን ነበረችኝ። ሰቀልኩሽ።»

«ፍየል ሚዛን ላይ?»

«የፍየል ሚዛን ላይ። ነጠላውን ቀነስኩ። አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ነበርሽ።»

ብርቱካኑ እጇ ላይ ቀረ። «ከናታን አንሼ?»

«ከናታን በሁለት መቶ ግራም አንሰሽ። እናትሽ አንቺን አርግዛ ቆማ አልሠራችም፣ ስፌት ቤት አልዋለችም፤ ቅቤውም ቆጮውም ነበር። ለምን እንዳነስሽ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሷን ጥፋተኛ ናት ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። አንቺስ ለምን ራስሽን ትከስሻለሽ?»

«ለምን አልነገርካትም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«በእኛ ዘንድ ልጅ አይመዘንም፤ እርግማን ጠራህብኝ ትለኛለች ብዬ። ደግሞም ፈርቼ ነበር። ቁጥሩን ይዤው ኖርኩ። በየጠዋቱ ጀርባሽን በአውራ ጣቴ እዳስስ ነበር። በሁለት ወርሽ ወፍረሽ አጥንትሽ ከጣቴ ጠፋኝ፤ ያን ቀን ሜዳው ላይ ብቻዬን በደስታ ጮህኩ።»

«ምን አድርጋችሁ አሳደጋችሁኝ?»

«እኔ ምንም አላደረግኩም። እናትሽ አጠባችሽ፣ እኔ ፈራሁ። ይኸው ነው።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። የተጠራቀመ ነው፤ አልከለከልኳትም። ናታን በልቅሶዋ ነቃ። አነሳችው፤ ጡቷን ሰጠችው፤ አንድ ጊዜም ሳታነሳው ራሱ እስኪለቅ አጠባችው። ወይዘሮ ሙኒራ በበሩ ብቅ ብለው ሁለታችንንም አዩንና አጥሚቱን ደፍ ላይ አስቀምጠው ቀስ ብለው ሄዱ።

ስለ ጣሳው ዳግመኛ አልተነሳም። ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ለሲስተር ሰብለ ደውላ «አይታወቅም ያልኩሽ ታውቋል» አለቻት። ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ሲስተሯ በምን ሚዛን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«እጽፈዋለሁ አባባ። ግን ከጎኑ ‹በፍየል ሚዛን› ብዬ ነው የምጽፈው» አለችኝ።

ቅዳሜ

እሑድ ከጸሎት እንዳልቀር ቅዳሜ ተመለስኩ። ወይዘሮ ሙኒራ ባዶውን የቅቤ ማሰሮ በቴምር ሞልተው ሰጡኝ። «ለተሰበረችው እናት፤ አጥንት ያጠነክራል» አሉኝ። ኤርምያስ አየር ጤና ድረስ ሸኘኝ። ትዕግሥት ልጁን አቅፋ ግቢው በር ላይ ቆማ፣ ጣቷ በጀርባው ላይ ሲወርድ አየሁ። እሷም ጀመረች አልኩ።

ከአውቶቡስ ወርጄ ቤት ስገባ አበበች እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀሚሳቸው በቅቤ የራሰውን እናት፣ የጠፋውን ጫማ፣ ማሽኑን፣ የሽንኩርቱን ሚዛን። ቅቤውን እንዳላላስኩትም ተናዘዝኩ፤ ለዚያ ትንሽ ተቆጣች። በስተመጨረሻ ለልጃችን የነገርኳትን ከእሷ መደበቅ አልቻልኩም። ራሴን ደፍቼ ጀመርኩ።

«አበበች፣ ትዕግሥት የተወለደች ዕለት…»

«መዝነሃታል» አለችኝ።

ቀና አልኩ።

«ነጠላዬን ከላዬ ስታነሳ ነቅቼ ነበር። ይዘሃት ስትወጣም፣ ስትመለስም አየሁህ። ፊትህ አመድ መስሎ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም? ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ቁጥሩን ከሰማሁ ወተቴ ይደርቃል ብዬ ፈራሁ» አለች። እጄን ያዘችኝ፤ አጥብቃ። «አሁን ንገረኝ። ስንት ነበረች?»

«አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ።»

አበበች ዞራ ጓሮውን አየች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«እኔ እኮ ሦስት ኪሎ ናት እያልኩ ነበር ያጠባኋት» አለችኝ።